የአቃቂ ቅዳሜ፦ የሰንበት ክርክር ከየት መጣ?

በአቃቂ ቃሊቲ ቅዳሜ ጠዋት ፋብሪካ ይሠራል፣ ከባድ መኪናም ጭነቱን ይዞ ይወጣል። የሰባተኛ ቀን አድቬንቲስት አማኙ ግን ሰንበቱ ገና ዓርብ ፀሐይ ስትጠልቅ ስለገባ መጽሐፍ ቅዱሱን ይዞ ወደ ጸሎት ቤቱ ይሄዳል። ኦርቶዶክሷ ጎረቤቱ ዐቢይ ጾም ላይ ብትሆን እንኳ ቅዳሜ አትሰግድም፤ ሥጋና ወተት ባትነካም እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ሳትቀምስ አትውልም። ከ55ቱ የሁዳዴ ቀናት ቅዳሜና እሁድ ከሆኑት 15 ውስጥ 14ቱ እንዲህ ይለያሉ፤ ከመላው ዓመት ቅዳሜዎች እስከ ማታ የሚጾመው የፋሲካው ዋዜማ፣ ቀዳም ሥዑር፣ ብቻ ነው። ለወንጌላዊው ጎረቤት ደግሞ ቅዳሜ ልብስ የሚታጠብበት፣ ገበያ የሚወጣበት ቀን ነው።

አድቬንቲስቶች አቃቂ ላይ የሚሲዮን ትምህርት ቤት ካቋቋሙ ብዙ አሥርት ዓመታት ስላለፉ፣ ሰፈሩ ለክርክሩ እንግዳ አይደለም። የሚጠቀሱት ጥቅሶችም ይታወቃሉ። ወገነ ቅዳሜ ዘጸአት 20ን ያነሳል፤ ክርስቶስ ሕግን ሊሽር እንዳልመጣ የሚናገረውን ማቴዎስ 5ን ይጨምራል። ወገነ እሁድ ቆላስይስ 2፥16ን፣ ደቀ መዛሙርት በሳምንቱ መጀመሪያ ቀን እንጀራ ለመቁረስ እንደተሰበሰቡ የሚተርከውን የሐዋርያት ሥራ 20፥7ን ያቀርባል። በእኔ ግምት በእነዚህ ብቻ ማንም ማንንም አይረታም። የሐዋርያት ሥራ የሆነውን ይተርካል እንጂ ቀን አይደነግግም፤ የቆላስይሱም ቃል ሳምንታዊውን ሰንበት ይጨምር እንደሆነ ሊቃውንት ይከራከሩበታል።

እኛ ዘንድ ግን የጥንቱ ጥያቄ «ቅዳሜ ወይስ እሁድ» አልነበረም። ጠቡ ቅዳሜ ከእሁድ ጎን ይከበር ወይስ ይቅር የሚል ነበር። የግብፅ ቤተ ክርስቲያን ቅዳሜን እንደ አይሁድ ሥርዓት ስለምታይ፣ ከእስክንድርያ የሚላኩት ጳጳሳት አጥብቀው ይቃወሙ ነበር። አባ ኤዎስጣቴዎስ ሁለቱም ሰንበቶች ይከበሩ ብለው አስተማሩ፤ አገር ለቀው ሄደው እ.ኤ.አ. በ1352 በአርመን ምድር ዐረፉ። ክህነት የተከለከሉት ደቀ መዛሙርታቸው በሰሜን የራሳቸውን ገዳማት አቋቋሙ፤ ከእነዚህ አንዱ የአቡነ ፊልጶስ ደብረ ቢዘን ነው። ቀዳማዊ ዐፄ ዳዊት ፊልጶስን አስረው ቆይተው፣ እ.ኤ.አ. በ1404 ኤዎስጣቴዎሳውያን ቅዳሜን እንዲያከብሩ ፈቀዱ። ቀሪውን የጨረሱት ልጃቸው ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1450 በደብረ ምጥማቅ በተደረገው ጉባኤ ግብፃውያኑ ጳጳሳት ሚካኤልና ገብርኤል ሁለቱን ሰንበቶች ተቀበሉ፤ ኤዎስጣቴዎሳውያንም በአጸፋው ከጳጳሳቱ ክህነት ለመቀበል ተስማሙ። ጥቅስ መጠቀሱ አልቀረም፤ ነገሩን የቋጨው ግን በአብዛኛው የንጉሡ ፍላጎት ነው። ዘርዐ ያዕቆብ የተከፋፈለች ቤተ ክርስቲያን ይዘው መግዛት አልፈለጉም።

ቀጣዩ ክስ ከካቶሊክ ሚሲዮናውያኑ ከኢየሱሳውያን መጣ፤ ሐበሾች ይሁዲነት አለባቸው አሉ። ዐፄ ገላውዴዎስ እ.ኤ.አ. በ1555 በጻፉት የሃይማኖት መግለጫ፣ ቅዳሜን የምናከብረው ውሃ መቅዳትና እሳት ማንደድ እርም እንደሆነባቸው አይሁድ ሳይሆን በቅዳሴና በቁርባን ነው ሲሉ መለሱ። ዐፄ ሱስንዮስ ግን ካቶሊክ ሆነው ቅዳሜን ሻሩ፤ በሌሎቹም ለውጦች ላይ ተደርቦ አገር ታመሰ፣ ደም ፈሰሰ፣ እ.ኤ.አ. በ1632 ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ።

አድቬንቲስት ሰባክያን ይህን ታሪክ ይወዱታል፤ ኢትዮጵያ ሮምን ተቋቁማ ቅዳሜን ጠብቃለች ይላሉ። እውነት ነው፤ ግን ግማሹ እውነት ነው። ኤዎስጣቴዎስ እሁድን አልተዉም።

አቃቂ ላይ ክርክሩን መቋጫ የሚያሳጣው ሌላ ነገር ደግሞ አለ። «በመጽሐፍ ቅዱስ እንፍረድ» ሲባል ሁሉም የሚገልጠው መጽሐፍ አንድ አይደለም። አድቬንቲስቱም ሆነ ሌላው ወንጌላዊ 66 መጻሕፍት ይቆጥራል። ኦርቶዶክሱ 81 ይላል፤ ከአቆጣጠሮቹ በአንዱ መሠረት ሲኖዶስና ዲድስቅልያ ከሐዲስ ኪዳን መጻሕፍት ይመደባሉ። ሁለቱን ሰንበቶች አክብሩ የሚለው ሥርዓት የሚገኘውም በእነዚሁ ውስጥ ነው። ስለዚህ ከ66ቱ ጥቅስ አምጡ ሲባል፣ ለኦርቶዶክሱ ክርክሩ ሳይጀመር ዳኝነቱ አድልቷል። በአንጻሩ ከ81ዱ አንዱ የሆነው ኩፋሌ በምዕራፍ 50 በሰንበት እሳት ማንደድንና ውሃ መቅዳትን በሞት ያስቀጣል፤ በምዕራፍ 2 ደግሞ ሰንበት ለእስራኤል ብቻ እንደተሰጠች ይናገራል። ገላውዴዎስ የሸሹት ይህንኑ ጥብቅነት ነበር፤ ለካ ኦርቶዶክሱም ሊያስታርቃቸው የሚገቡ ጥቅሶች አሉት።

የፋብሪካው ሠራተኛ ጭንቀት ግን ሌላ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሳምንቱን ሥራ በ48 ሰዓት ይወስናል፤ ይህ በቀን 8 ሰዓት ሲሠራ ስድስት ቀን ይሆናል። ሳምንታዊው የ24 ሰዓት ዕረፍት በተቻለ መጠን እሁድ ይሁን ይላል። ኦርቶዶክሱ ቅዳሜን በቅዳሴና ባለመስገድ ስለሚያከብር ፈረቃው ብዙም አያስጨንቀው ይሆናል፤ አድቬንቲስቱ ግን ገና ሲቀጠር ከአለቃው ጋር ስለ ቅዳሜ መነጋገር አለበት።