ያውቁ ኖሯል? ብድግ ሲሉ የደም ግፊትዎን የሚጠብቀው የአንጎል ግንድ ነው

ቆላማዋ ማንቡክ ውስጥ በቀትር ሙቀት ከዛፍ ጥላ ሥር ጋደም ያለ ገበሬ ብድግ ሲል፣ ግማሽ ሊትር ያህል ደም ወደ እግሩና ወደ ሆድ ዕቃው ይወርዳል። ራሱን ስቶ እንዳይወድቅ የአንጎል ግንድ ይደርስለታል። በአንገትና በልብ አጠገብ ባሉ ትላልቅ የደም ቧንቧዎች ግድግዳ ላይ የሚገኙ የነርቭ ጫፎች የደም ግፊቱን መውረድ ያሳውቃሉ፤ የግንዱ የታችኛው ክፍል በሰከንዶች ውስጥ ሲምፓቴቲክ የተባሉትን ነርቮች ያነቃል፤ ልብ ይፈጥናል፣ ቧንቧዎች ይጠባሉ። የዚህን የደም ግፊት መቆጣጠሪያ ማዕከል ቦታ ያመላከቱት በ1870ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀርመን ላይፕዚግ በካርል ሉድቪግ ቤተ ሙከራ የተደረጉ ጥናቶች ናቸው።

ቆላ ላይ የግንዱ ሥራ ይከብዳል፦ ሙቀት የቆዳን ቧንቧዎች ያሰፋል፣ ላብም የደሙን መጠን ይቀንሳል። ሲነሣ ዓይኑ የሚጨልምበት ሰው ውሃ ይጠጣ፣ ቀስ ብሎም ይነሣ፤ የግፊት መድኃኒት የሚወስድ ከሆነ ግን መድኃኒቱን ሳያቋርጥ ለሐኪሙ ይንገር።