የሰው ስፍራ በጉለሌ ደን

ከአዲስ አበባ በስተሰሜን፣ በእንጦጦ ተራራ ግርጌ 705 ሄክታር ይዞ የተዘረጋው የጉለሌ የዕፅዋት ማዕከል፣ የከተማው አስተዳደርና የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በኅብረት ያቋቋሙት ሲሆን፣ ከዓላማዎቹ አንዱ ባሕር ዛፍ የወረሰውን ምድር ለጽድ፣ ለወይራ፣ ለዝግባና ለኮሶ መመለስ ነው። ይህን ሥራ የሚመለከት ሁሉ አንድ ጥያቄ ይነሣበታል፤ ጽዱን የቆረጠውም ዳግመኛ የሚተክለውም ሰው ከሆነ፣ ሰው የተፈጥሮ አካል ነው ወይስ ባዕድ?

የሀገራችን ሊቃውንት ሰው ከሰባት ባሕርያት እንደ ተፈጠረ ያስተምራሉ፤ እነዚህም መሬት፣ ውሃ፣ እሳትና ነፋስ የተባሉት አራቱ ባሕርያተ ሥጋ፣ ልባዊት፣ ነባቢትና ሕያዊት የተባሉት ደግሞ ሦስቱ ባሕርያተ ነፍስ ናቸው። እንግዲህ ሰው በሥጋው የጽዱና የሚዳቋው ዘመድ ነው፤ ውሃው ቢደርቅ፣ ነፋሱ ቢበከል እነርሱን ያገኘ መከራ እርሱንም ያገኘዋል። በልባዊነቱ ግን የሚሠራውን አስቀድሞ ያስባልና ስላደረገው ይጠየቃል። ስለዚህ «እኔም ፍጥረት ነኝና የማደርገው ሁሉ የተፈጥሮ ሥራ ነው» ብሎ ሊያመልጥ አይችልም፤ አፈር ጠርጎ የሄደውን ጎርፍ የሚከስስ የለም፣ ደን መንጥሮ ለጎርፉ መንገድ የከፈተው ሰው ግን ይከሰሳል።

ዳግማዊ ምኒልክ በእንጦጦ በከተሙበት ዘመን የተራራው ዛፍ ለቤት መሥሪያና ለማገዶ እየተቆረጠ ተመናመነ። በ1879 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከተቆረቆረች በኋላም የማገዶው ችግር ስለ ጸና፣ ንጉሠ ነገሥቱ መዲናቸውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር አስበው ነበር። ከአውስትራሊያ የመጣው ባሕር ዛፍ ግን ቶሎ የሚያድግና ሲቆርጡት ከጉቶው መልሶ የሚያቈጠቍጥ በመሆኑ ከተማይቱን ካለችበት አጸናት። ውለታው አይካድም፤ ነገር ግን ውሃ አጥብቆ ይስባል፣ ከሥሩም ሌላ ቡቃያ እንደ ልቡ አያድግም። ይህ ደግሞ ቀላል ነገር አይደለም፤ በእንጦጦ ላይ የሚዘንበው ዝናም በስተደቡብ ወደ አቃቂና ወደ አዋሽ፣ በስተሰሜን ወደ ሙገርና ወደ ዐባይ የሚከፈል ነውና።

ወይራ ያለ ሰው እጅ እንዴት እንደሚራባ እንመልከት። ፍሬውን የበላች ወፍ ዘሩን ከቁጥቋጦ ሥር ትጥላለች፤ ቡቃያውም በቁጥቋጦው ጥላ ከፀሐይ ተጠልሎ፣ ከፍየልም አፍ ተሰውሮ ያድጋል። ሆኖም እናት ዛፍ ከሌለ ወፊቱ የምታመጣው ዘር የለም። ተራራው በተራቈተበት ዘመን እናት ዛፎችን ካቆዩልን ስፍራዎች መካከል ደግሞ እንደ እንጦጦ ማርያምና እንደ እንጦጦ ራጉኤል ያሉት የአብያተ ክርስቲያናት አጸዶች ይገኛሉ። ደኑን ያጠፋ ሰው እንደ ሆነ ሁሉ፣ ዘሩን ያተረፈውም የሰው አክብሮት ነው።

በዚያው ተራራ ጭራሮና የባሕር ዛፍ ቅጠል በጀርባቸው ተሸክመው ወደ ሽሮ ሜዳ የሚወርዱ እናቶች አሉ። በከተማው ምጣድ ሥር የሚነደው የእነርሱ ሸክም ሆኖ ሳለ፣ ሻጯን የደን ጠላት፣ ገዢውን ንጹሕ ማድረግ ፍርድ ማጓደል ነው።

ሰውን ከተፈጥሮ ነጥሎ የማራቅ መንገድ በሀገራችንም ተሞክሯል። በስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ የነበሩት የግጭ መንደር ሰዎች፣ ግጦሹ ለዱር አራዊት አስጊ ስለ ሆነ በ2008 ዓ.ም. ወደ ደባርቅ ተዛወሩ፤ በ2009 ዓ.ም. ፓርኩ ከዓለም ቅርሶች የአደጋ መዝገብ ወጣ፣ ነዋሪው ግን የአባቶቹን ቀዬ አጣ። በሰሜን ሸዋ የመንዝ ጓሳ ግን ሌላ መንገድ ያሳየናል። ባላገሩ ከ17ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ በራሱ ሥርዓት ሣሩን ለዓመታት ዘግቶ ያሳድግና ለቤት ክዳንና ለገመድ በጊዜው ያጭድ ነበር፤ ዛሬም ጭላዳና ቀይ ቀበሮ በዚያ ይኖራሉ።

ጉለሌም ከመንዝ ይማር። ባሕር ዛፉ በአንድ ጊዜ ተጠርጎ ምድሩ ለጎርፍ እንዳይጋለጥ፣ በየተራ ይነሣና በሀገር በቀል ዛፍ ይተካ፤ ማገዶ ተሸካሚዎቹም በችግኝ ማፍላቱና በጥበቃው ሥራ ቀዳሚ ተቀጣሪ ይሁኑ፤ ከተማውም ማገዶ የማይፈልግ ምድጃ ለድኃው ቤት ያድርስ። ሰው የፍጥረት አካል ነው ማለት ከጥፋቱ ነጻ ነው ማለት ሳይሆን፣ ደኑን ስንጠብቅ በደኑ የሚተዳደረውንም ሰው አብረን የመጠበቅ ግዴታ አለብን ማለት ነው።