የድሬ ባርማን

ድሬዳዋ ላይ ከባንኮኒ ጀርባ መቆም ከሌላው ከተማ ይልቅ ይከብዳል። አንዱ ምክንያት ሙቀቱ፣ ሌላው ጫቱ ነው። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር አካባቢ ላይ ብቻ ስለተቀመጠች ቀኑ ይግላል፤ እኩለ ቀን ላይ ሱቁ ይዘጋል፣ ሰው ወደ ጥላ ይገባል፣ ብዙው ከሰዓቱን በጫት ምርቃና ያሳልፋል። ፀሐይዋ ስትበርድ የከዚራም የሳቢያንም ሰፈሮች በሰው ይሞላሉ። ጨብሲ የሚፈልገውም የሚወጣው ያኔ ነው፤ የባርማኑ ከባድ ሰዓትም ይጀምራል።

ጨብሲ፣ ለማያውቀው፣ ምርቃናን በመጠጥ ማብረድ ነው። ጫት ያነቃቃል፣ አልኮል ያፈዛል፤ ሁለቱ አንድ ሰው ላይ ሲገናኙ ጫቱ የስካሩን ምልክት ይሸፍነዋል። ሰውዬው በርካታ ቢራ ጠጥቶም አንደበቱ አይተሳሰርም፣ ዐይኑ እንደ ነቃ ነው። በደሙ ውስጥ ያለው አልኮል ግን ቅንጣት አልቀነሰም። የጫቱ ኃይል ሲያልቅ ስካሩ ባንዴ ይወርድበታል። ስለዚህ የድሬ ባርማን የሰው አነጋገርና አረማመድ አይቶ ብቻ አይፈርድም፤ ይቆጥራል። ማን መቼ ገባ፣ ስንተኛውን ያዘ፣ እህል ቀምሷል ወይ? ጫት የምግብ ፍላጎት ስለሚዘጋ የጨብሲ ደንበኛ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ባዶ ሆዱን ነው። ጎበዝ ባርማን ከመጀመሪያው ቢራ ጋር ውሃ ያስቀምጣል፣ ሁለተኛው ሳይከፈት ስለ ወጥ ቤቱ ጥብስ ያነሳል። ይህ ገበያ ማሟሟቅ ብቻ ሊመስል ይችላል፤ ለእኔ ግን የሙያው እምብርት ነው። ኮክቴል መበጥበጥ በጥቂት ሳምንት ይለመዳል፣ ሰውን በልክ መያዝ ግን ዓመታት ይፈጃል።

«ይበቃሃል» ማለትም ራሱን የቻለ ጥበብ ነው። ሰው ጓደኞቹ ፊት ከተከለከለ ይዋረዳል፤ የተዋረደ ደግሞ ይጣላል። ልምድ ያለው ባርማን ከባንኮኒው ወጥቶ ወደ ጆሮው ጠጋ ይላል፦ «አቦ፣ ይቺን ውሃ ጠጣልኝ፣ ባጃጅ ልጥራልህ፤ ነገ እንገናኛለን።» ባጃጅ እዚህ ከተማ አይጠፋም፤ የታመኑ ሾፌሮችን ስልክ መያዝም የሥራው አካል ነው።

የድሬ ልጅ አንቱታ አያበዛም። ትልቁንም ትንሹንም «አንተ» ይላል፣ ማንም አይቀየምም። ከጎንደር ወይም ከአዲስ አበባ የመጣ ሽማግሌ ግን በ«አንተ» ቢቀበሉት ቅር ይለዋል። ባርማኑ ገና ከበሩ እንግዳውን ከአገሬው ለይቶ «ጋሼ፣ እንኳን ደህና መጡ፣ ምን ልታዘዝ?» ማለት አለበት። አማርኛ፣ ኦሮምኛና ሶማልኛ በአንድ ምሽት ባንኮኒው ላይ ይፈራረቃሉ፤ በሦስቱም ሰላምታና ሂሳብ መናገር የሚችል ሰው ሥራ አያጣም።

ይህ እንግዳ የመቀበል ልማድ ከከተማዋ አመሠራረት ጋር የመጣ ነው። የጅቡቲው ባቡር በ1895 ዓ.ም. እዚህ ደረሰ፤ ወደ ሐረር ተራራውን መውጣት ስለከበደው ከተማ የሆነው ከግርጌ ያለው ሜዳ ነበር። ሐዲዱ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። ከዚያም በኋላ ለብዙ ጊዜ ባቡሩ ሌሊት አይጓዝም ነበርና መንገደኛው ድሬዳዋ ላይ ያድር ነበር። አዳሪ እንግዳ አልጋ፣ እራትና መጠጥ ይፈልጋል። ግሪኩ፣ አርመኑ፣ ፈረንሳዩ፣ ጣሊያኑ፣ ዓረቡና ሕንዱ የተቀላቀሉባት ከተማ ሆቴልና ባር ያበጀችው ለዚህ አዳሪ ነው።

በዓለም ደረጃም ሙያው ቀልድ አይደለም። አሜሪካዊው ጄሪ ቶማስ የመጠጥ አዘገጃጀት መጽሐፉን ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1862 ነው። በለንደኑ ሳቮይ ሆቴል ደግሞ በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የባሩ አለቃ ሴት ነበረች፤ አዳ ኮልማን ትባላለች፣ የፈጠረችው መጠጥ እስከ ዛሬ ይታዘዛል። በእኛ አገር ከባንኮኒ ጀርባ የምትቆም ሴት ስንት ነገር እንደሚወረወርባት ሳስብ ያመኛል። ባለሙያ ናት፤ የሚገባት የባለሙያ ክብር ነው። በአዲስ አበባው የቱሪዝም ማሰልጠኛ ሥራው ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ በትምህርት ሲሰጥ ኖሯል፤ ቤተሰብ ግን አሁንም «ልጄ ባር ትሠራለች» ለማለት ያፍራል።

ወደ እጁ ሥራ እንምጣ። ድራፍት ድሬ ላይ ትዕግሥት ይጠይቃል። ጋዝ በቀዝቃዛ ፈሳሽ ውስጥ ይሟሟል፣ ፈሳሹ ሲሞቅ ያመልጣል፤ በጠራራ ፀሐይ የመጣ በርሜል ወዲያው ከተከፈተ የሚወርደው አረፋ ብቻ ነው። አንድ ቀን ቀዝቃዛ ቦታ ማረፍ አለበት። ከዚያ ብርጭቆውን 45 ዲግሪ ያህል አዘንብሎ መቅዳት፣ ሲሞላ ቀና ማድረግ፣ ከላይ ሁለት ጣት ያህል አረፋ መተው ነው። አረፋው ጌጥ ብቻ አይደለም፤ የቢራውን ጋዝና ሽታ ይጠብቃል። በደንብ ያልታጠበ ብርጭቆ፣ በተለይ ቅባት ወይም የከንፈር ቀለም የቀረበት፣ አረፋውን ወዲያው ይገድለዋል። የድራፍቱ ቧንቧም ቢያንስ በየሁለት ሳምንቱ መታጠብ አለበት፤ ካልታጠበ ቢራው ይኮመጥጣል፣ ደንበኛውም ፋብሪካውን ይወቅሳል።

ኡዞም የራሱ ሥርዓት አለው። አኒስ የሚባለው ቅመም ዘይት በአልኮሉ ውስጥ ሟሙቶ ይኖራል፤ ውሃ ሲጨመርበት ዘይቱ በደቃቁ ተበትኖ መጠጡ እንደ ወተት ይነጣል። ተራው መጠበቅ አለበት፦ መጀመሪያ ኡዞው፣ ቀጥሎ ውሃው፣ በረዶው መጨረሻ። በረዶው ከቀደመ ዘይቱ ረግቶ ላይ ላዩን ይንሳፈፋል። በረዶው ራሱ ከንጹሕ ውሃ ካልተሠራ ደግሞ የመጠጡ ጥራት ከንቱ ነው።

አልኮል የማይነካው ደንበኛ በድሬ ብዙ ነው፤ ከጓደኞቹ ጋር ሊጫወት ይመጣል። ለእርሱ አልኮል የሌለው የብቅል መጠጥ ሶፊ አለ፣ አምቦ ውሃ አለ፣ ለስላሳ አለ። መጥፎ ባርማን ሶፊውን ለብ ያለውን አውጥቶ ያለ ብርጭቆ ይወረውርለታል። ጥሩው ግን ከፍሪጁ ሥር ያለውን ቀዝቃዛውን መርጦ በተወለወለ ብርጭቆ ያቀርባል፤ ለብቻውም አያስቀምጠውም። በረመዳንና በዐቢይ ጾም ገበያው እንዴት እንደሚለወጥ አስቀድሞ አውቆ ዕቃውን ያዘጋጃል።

ሕግም አለ። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ዕድሜው 21 ላልሞላ ሰው አስካሪ መጠጥ መሸጥን ይከለክላል። ልጅ እግር የሆነ ደንበኛ መታወቂያ ሲጠየቅ ይቆጣል። ባርማኑ ግን ፊቱን ሳያኮሳትር መጠየቅ፣ ካላየም አለመሸጥ አለበት።

የቀረው ሂሳብ ነው። 750 ሚሊ ሊትር የሚይዝ ጠርሙስ በ30 ሚሊ ሊትር ሲለካ 25 መለኪያ ይወጣዋል። የባርማኑ እጅ በየመለኪያው አምስት አምስት ሚሊ ሊትር ካፈሰሰ ግን 21 ብቻ ይሆናል፤ ለወዳጅ «ትንሽ ጨምርለት» የሚባለው ነገር በጠርሙስ አራት መለኪያ ይበላል። ባለቤቱ ይህን የሚያውቀው በማርካው፣ ማለትም በትዕዛዝ ምልክቱ፣ ነው። አስተናጋጇ ከካሸር ማርካ ታመጣለች፣ ባርማኑ ያለ ማርካ ምንም አያወጣም። ሌሊት ሲዘጋ የማርካው ቁጥር ከጎደለው ጠርሙስ ጋር ይመሳከራል፤ ብዙ ቦታ ጉድለቱ የሚቆረጠው ከእርሱ ደመወዝ ነው። ስለዚህ ብልህ ባርማን ቆጠራውን ብቻውን አያደርግም፤ ካሸሯን አጠገቡ አቁሞ፣ የተከፈቱትን ጠርሙሶች ቀሪ ልክ በእስክሪብቶ መዝግቦ፣ የጋዙን ቫልቭ ዘግቶ፣ ለጠዋቱ ተረኛ በፊርማ ያስረክባል።