የኪርጊዝስታን የወል ግጦሽ ፕሮጀክቶች ምን ሠሩ? ምንስ ቀራቸው?



በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው በመካከለኛው እስያ የምትገኘውን ኪርጊዝስታንን ነው። አገሩ ሩቅ ነው ብላችሁ አትለፉት። አብዛኛው መሬቷ ተራራ ሲሆን፣ ወደ 9 ሚሊዮን ሄክታር የሚጠጋ የግጦሽ መሬት አላት። መሬቱ የመንግሥት ነው፤ ሕዝቡ በጋራ ያሰማራበታል። የወል ግጦሽ ያለው ቀበሌ ሁሉ የሚያውቀው ጣጣ እነሱም ዘንድ አለ።

አገሪቱ እስከ 1991 እ.ኤ.አ. ድረስ የሶቪየት ኅብረት አካል ነበረች (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። በዚያ ዘመን በጎቹ የትልልቅ የመንግሥትና የኅብረት እርሻዎች ነበሩ። በረዶ በሚጥልበት ወራት መንጋው መንደር አጠገብ ይቆያል። ሲሞቅ ወደ መካከለኛው ከፍታ ይወጣል፤ ከዚያም «ጃይሎ» ወደሚሉት የተራራ ግጦሽ ያቀናል። መንገዱን፣ ድልድዩንና የውኃ ማጠጫውን የሚጠግነው እርሻው ራሱ ነበር።

ሶቪየት ሲፈርስ እርሻዎቹም ፈረሱ፤ ከብቱም ለየቤተሰቡ ተከፋፈለ። ብዙው ቤተሰብ የደረሰውን ሸጦ ወይም አርዶ በላው። ወደ 10 ሚሊዮን ይጠጋ የነበረው የበግ ቁጥር በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከግማሽ በታች ወረደ። አሥር በግ የቀረው ሰው ደግሞ ብቻውን ሩቅ ተራራ ድረስ ሊነዳ አቅም የለውም። ስለዚህ ሁሉም መንደሩ አጠገብ ዓመቱን ሙሉ አሰማራ። የቅርቡ መሬት ተራቆተ፤ የሩቁ ሣር ሳይበላ ደረቀ። የሚጠግን የጠፋላቸው ድልድዮችም እየተሰበሩ መንገዱ ተቆረጠ። ልብ በሉ፤ ሣር ሳይጠፋ ከብት የሚራብበት አገር ሆነ ማለት ነው።

አስተዳደሩም ችግሩን አባባሰው። የቅርቡ ግጦሽ በመንደር አስተዳደር፣ የመካከለኛው በወረዳ፣ የሩቁ በክፍለ ሀገር ሥር ነበር። አንድ መንጋ በአንድ ዓመት ውስጥ ሦስቱንም ይረግጣል፤ ባለቤቱ ግን ሦስት ቢሮ መመላለስ ነበረበት። በኪራይ ውል ጥሩውን ቦታ የሚይዘውም ገንዘብና ዘመድ ያለው ነበር።

በጥር 2009 የወጣው የግጦሽ ሕግ ሦስቱንም ለመንደር አስተዳደር ሰጠ። አስተዳደሩ ደግሞ ሥራውን ለተጠቃሚዎች ማኅበርና ለግጦሽ ኮሚቴው አስተላለፈ። በአገሪቱ ከ400 በላይ ኮሚቴዎች ተቋቋሙ። የዓለም ባንክና ዓለም አቀፉ የግብርና ልማት ፈንድ (ኢፋድ) የደገፉት ፕሮጀክት የገባው እዚህ ላይ ነው። ኮሚቴዎቹን አሠለጠነ፤ የግጦሽ ካርታ እንዲያዘጋጁ ረዳ፤ ለጥገና የሚሆን ገንዘብም በእጃቸው ሰጠ። ማኅበሩም የራሱን ድርሻ ያዋጣ ነበር።

ኮሚቴው በየዓመቱ ዕቅድ ያወጣል፦ የትኛው መንጋ፣ በየትኛው መንገድ፣ መቼ ወጥቶ መቼ ይመለሳል የሚለውን ይወስናል። ባለከብቱ በኪራይ ውል ፋንታ በእንስሳቱ ቁጥርና ዓይነት ልክ ከፍሎ የግጦሽ ትኬት ይወስዳል፤ ለፈረስና ለላም ከበግ የበለጠ ይከፈላል። የተሰበሰበው ለመንገድ፣ ለድልድይና ለውኃ ማጠጫ ይውላል። ብዙ ቦታ የመጀመሪያው ሥራ ድልድይ መጠገን መሆኑ አያስገርምም። ድልድዩ ሲቆም የሩቁ ሣር ይከፈታል፤ የቅርቡም ያርፋል። ጥቂት በግ ያላቸውም መንጋቸውን ቀላቅለው፣ እረኛ በጋራ ቀጥረው ይልካሉ።

ሌላው የተሳካው የእንስሳት ጤና ነው። ብሩሴሎሲስ፣ ማለትም እንስሳትን የሚያስወርደው በሽታ፣ ከበግና ከፍየል ወደ ሰው እየተላለፈ ብዙ ቤተሰብ ይጎዳ ነበር። በስዊዘርላንድና በሌሎች ለጋሾች እገዛ በዓይን የሚንጠባጠብ ክትባት በሰፊው ተሰጠ፤ አዲስ የሚታመመው ሰው ቁጥርም ቀነሰ። በነገራችን ላይ፣ የተጨነገፈ ግልገል በባዶ እጅ የምታነሱ፣ ወተትም ሳይፈላ የምትጠጡ ከሆነ ይህ የእናንተም ጉዳይ ነው።

ያልተሳካውንም እንይ። ክፍያው በቁጥር ስለሆነ ባለከብቱ ቁጥር ይደብቃል። ሃምሳ ያለው ሠላሳ ነው ይላል። (ቆጣሪ ሲመጣ እኛ የምናደርገውን እናውቃለን።) ቁጥሩ ሲሳሳት ዕቅዱም ይሳሳታል፤ ሣሩ ከሚችለው በላይ ይሰማራል፤ የጥገናው ገንዘብም ያንሳል። መንደር አጠገብ ያለው ግጦሽ ዛሬም በብዙ ቦታ የተጎዳ ነው።

በ2000 ከሕዝቡ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ድሃ ነበር፤ በ2019 ወደ 20 በመቶ ወርዶ፣ ከኮሮናና ከዋጋ ንረቱ ወዲህ ደግሞ እንደገና ወጥቷል። መቀነሱን ሁሉ ለፕሮጀክት መስጠት ልክ አይመስለኝም። ሩሲያ ሄደው የሚሠሩ ልጆች የሚልኩት ገንዘብ ትልቅ ድርሻ አለው። ብዙው ቤተሰብም በዚያው ገንዘብ በግና ፈረስ ገዛ፤ ከብቱ በዛ፣ የግጦሹም ጫና ጨመረ። ፕሮጀክቱ ያዋጣው ያ ከብት የሚሄድበትን መንገድና የሚመራበትን ሥርዓት ነው።

ከሰዓት በኋላ በየቀበሌያችሁ ተለይታችሁ ትቀመጣላችሁ። በወል መሬታችሁ ላይ የሚሰማራውን ከብት፣ በግ፣ ፍየልና አህያ በየቤቱ እየጠራችሁ ጻፉ። ሳይበላ የሚቀር ሣር ያለበት ቦታ ካለ ደግሞ ከብቱ እዚያ እንዳይደርስ ምን እንደሚያግደው በካርታችሁ ላይ ምልክት አድርጉ።