ፊርማ ያለበት ኖታ

ባለቤቴ «የሙታን ፊርማ ሰብሳቢ» ብላ ስም አውጥታልኛለች። አልተሳሳተችም። ሐበሻው ሁሉ ቅዳሜ ወደ ሰርግ ወይም ወደ ለቅሶ ሲጓዝ፣ እኔ እዚህ ዋሽንግተንና አካባቢዋ ያገለገሉ መጻሕፍት የሚሸጡበትን ቤት እየዞርኩ የአሮጌ ኖታ ክምር አገላብጣለሁ። የምፈልገው የሙዚቃው ደራሲ በገዛ እጁ የፈረመበትን ነው። 20 ዓመት ለፍቼ 11 አግኝቻለሁ።

አንባቢ ሆይ፣ ነገሩ እንደሚመስለው ቀላል አይደለም። በመጀመሪያው ዓመት ባለ ፊርማ አገኘሁ ብዬ 40 ዶላር ከፈልኩ። ቤት ገብቼ በአጉሊ መነጽር ባየው ፊርማው ከኖታው ጋር አብሮ የታተመ ኖሯል! ከዚያ ወዲህ ዓይኔ ተከፍቷል። ወረቀቱን ወደ መብራት አዘንብሎ ማየት ነው። ብዕር ወረቀቱን ይጫነዋል፤ አንዳንዴም ከጀርባው በጣት ሲዳሰስ ይታወቃል። መስመር መስመርን በሚያቋርጥበት ቦታ ቀለሙ ይጠቁራል። የማተሚያ ቤት ፊርማ ግን ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት ነው። ከሁሉ የሚበልጠው ደግሞ ስም ብቻ ያለበት ሳይሆን፣ ደራሲው ለተጫዋቹ «እዚህ ላይ ቀስ በል» ብሎ በእርሳስ ያረመበት ነው። እዚያ ላይ ሰውየው ሥራው ላይ እንዳለ ታየዋለህ።

የዚህ ሱስ አባት የኦስትሪያው ደራሲ ሽቴፋን ዝቫይግ ነው። (ዘመኑን በፈረንጅ እቆጥራለሁ።) ሞዛርት ከ1784 እስከ 1791 የደረሳቸውን ሥራዎች በእጁ የመዘገበበት ደብተር ሳይቀር የእሱ ንብረት ነበር። በ1934 አገሩን ጥሎ ለንደን ከገባ በኋላ ከስብስቡ ብዙውን ለቀቀ፤ አብልጦ የሚወደውን ግን አልሰጠም። በ1942 በስደት ላይ ሳለ ብራዚል ውስጥ ሞተ። ወራሾቹ በ1986 ስብስቡን ለብሪትሽ ላይብረሪ አበረከቱ። ከሻንጣ ምን ወጥቶ ምን እንደሚቀር እኛም እናውቀዋለን።

ወደ ራሳችን ልምጣ። የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የመጀመሪያው ዳይሬክተር ፕሮፌሰር አሸናፊ ከበደ እዚሁ አሜሪካ፣ ፍሎሪዳ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ያስተምሩ ነበር። በ1998 አረፉ። ያኔ እንጀራ ፍለጋ ስሮጥ ስለ ኖታ የማስብበት ጊዜ አልነበረኝም። በእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ነገር ግን ሰበብ የለኝም። ኢየሩሳሌም ገዳም ውስጥ በከረጢት ካቆዩት የእጅ ጽሑፍ ኖታ የተመረጠው በ2013 መጽሐፍ ሆኖ ወጣ። ገዛሁት። «ለፋሲካ ሄጄ አስፈርመዋለሁ» እያልኩ ዘጠኝ ፋሲካ አለፈ። በመጋቢት 2023 በ99 ዓመታቸው አረፉ። መጽሐፉ መደርደሪያዬ ላይ ያለ ፊርማ ቆሟል። ባየሁት ቁጥር ይቆጨኛል።

አምና የአጎቴ ባለቤት፣ እትዬ፣ ከአዲስ አበባ በመጣ ሰው እጅ አንድ ፖስታ ላኩልኝ። አጎቴ በአንድ ወታደራዊ ባንድ ውስጥ ክላርኔት ይጫወት ነበር። ከፖስታው የወጣው እሱ የሚጫወትበት አንድ ቅጠል ኖታ ነው፤ በእጅ የተጻፈ። ከግርጌው ሙዚቃውን የደረሰው አለቃው ፈርሞበታል። መሐል ላይ በእርሳስ «ትንፋሽህን ቆጥብ» ይላል። እጄ እየተንቀጠቀጠ ስልክ ደወልኩ።

«እትዬ፣ የቀረውስ የት አለ?»

«አይ ልጄ፣ ለኦቾሎኒ ሻጩ ሰጠነው እኮ። በኪሎ ነበር የሚገዛን። ይቺ የተረፈችው ከጀርባዋ የበርበሬ ሒሳብ ጽፌባት ስለ ነበር ነው።»

ቅጠሏን ይዤ አንድ ኖታ ነጋዴ ዘንድ ሄድኩ። ወደ መብራት አዘነበላት፣ በአጉሊ መነጽር አያት፣ መዝገቡን ገለጠ፣ ስሙን አጣው። «ፊርማው እውነተኛ ነው። ግን ሰውየው የትም ስላልተመዘገበ ዋጋ ልተምንለት አልችልም» አለኝ። አልተከራከርኩትም። እኔስ ከስሙ በቀር ምን አውቃለሁ? እትዬም ረስተውታል።

ቅጠሏ 12ኛ ሆና ከሌሎቹ ጋር ተቀምጣለች። እንግዲህ በጦር ሠራዊት፣ በፖሊስ ወይም በክብር ዘበኛ ባንድ የተጫወታችሁ፣ ዛሬ በየከተማው ታክሲ የምትነዱም ሆናችሁ ጡረታ የወጣችሁ አባቶችና ወንድሞች፣ ከአልጋችሁ ሥር እንዲህ ያለ ወረቀት ካለ አትጣሉት። ሽጡልኝ አላልኩም። ፎቶኮፒ አንሥቼ እመልሳለሁ፤ የፈረመው ሰው ማን እንደ ነበረ ብቻ ንገሩኝ። ከጀርባው የበርበሬ ሒሳብ ቢኖርበትም ግድ የለም።