ፓኬቱ መንገድ ሲስት

ከበቆጂ ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው ሳጉሬን፣ አሰላን፣ ኢተያንና ዴራን አልፎ አዳማ ይገባል። መንገዱን ከዳር እስከ ዳር ባያውቀውም በየመናኸሪያው ቀጣዩን መኪና ካሳዩት ይደርሳል። ከጭላሎ ግርጌ፣ ከአሰላ የተላከ የኢንተርኔት መልእክትም ፓኬት በሚባሉ ቁርጥራጮች ተከፋፍሎ እንዲሁ ይጓዛል፤ በየደረሰበት ያለው ራውተር የሚወስንለት ቀጣዩን ማረፊያ ብቻ ነው።

ሊኑክስ በሚሠራ ራውተር ላይ የሚወስነው የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት፣ ከርነሉ ነው። አንድ አድራሻ በመንገድ ሰንጠረዡ ከአንድ በላይ መስመር ሲገኝለት ከርነሉ ይበልጥ ዝርዝር የሆነውን ይመርጣል። ደንቡ ይኸው ነው። ነገር ግን ሥራ የበዛበት ራውተር ይህን በሴኮንድ ሚሊዮን ጊዜ ሊደግመው ስለሚችል ኮዱ ፍጥነት ለማግኘት ብዙ አቋራጭ ይጠቀማል፤ አስቸጋሪዎቹ ስህተቶች የሚሸሸጉትም እዚያ ነው።

ስለዚህ ፓኬት መንገድ ሲስት ኮዱን ከማንበብ በፊት ሁለት ጥያቄ ለየብቻ መጠየቅ ይገባል። «አይፒ ራውት ሾው» የሚለው ትእዛዝ በዋናው ሰንጠረዥ የተጻፈውን ያሳያል። «አይፒ ራውት ጌት» ደግሞ ከርነሉ ለተሰጠው አድራሻ አሁን የትኛውን መንገድ እንደሚመርጥ ይናገራል። ሁለቱ ከተስማሙ መጀመሪያ መፈተሽ ያለበት ሰው የሞላው ሰንጠረዥ ነው። ሌሎቹ ሰንጠረዦችና ደንቦች ታይተውም ካልተስማሙ ግን ጥርጣሬው ወደ ከርነሉ ይዞራል። እኔ ከዚህ የተሻለ መነሻ አላውቅም፤ ብዙ ሰው የሚደክመው ሁለቱን ጥያቄዎች አንድ አድርጎ ስለሚያያቸው ነው።

ከአቋራጮቹ አንዱን ብንወስድ፣ ሊኑክስ ለዓመታት የመረጠውን መንገድ በጊዜያዊ ማስታወሻ ይይዝ ነበር፤ ፓኬት በመጣ ቁጥር ሰንጠረዡን እንዳያገላብጥ። እ.ኤ.አ. በ2003 የዚህ ማስታወሻ ድክመት ይፋ ሆነ፦ የላኪ አድራሻቸው ሆን ተብሎ የተጭበረበረ ፓኬቶች በማስታወሻው አንድ ቦታ ላይ እንዲከማቹ ማድረግ ይቻላል፤ ከርነሉም ክምሩን ሲፈትሽ ማሽኑ ይዝላል። አመዳደቡ በምስጢራዊ ቁጥር እንዲወሰን ተደርጎ ቀዳዳው ተደፈነ። በ2012 በወጣው ሊኑክስ 3.6 ግን የአይፒ ስሪት 4 ማስታወሻ ጭራሹን ተነሣ፤ ሥራውን የመራው ዴቪድ ሚለር ነበር። የተለመደ ኮድ ቆርጦ መጣል ከመጨመር ይልቅ ድፍረት ይጠይቃል።

ስህተቱ በአሮጌው የከርነል ስሪት ሳይኖር በአዲሱ ከታየ «ጊት ባይሴክት» የሚባለው መሣሪያ ያግዛል። በመካከላቸው 1,000 ለውጥ ቢኖር እኩሌታው ላይ ያለውን ያስሞክራል፤ ከዚያ ከቀሪው እኩሌታውን፤ በ10 ሙከራ ገደማ ጥፋተኛው ለውጥ ይለያል።

ለዚህ ሥራ የራውተር ክምር አያስፈልግም። ሊኑክስ አንድን ላፕቶፕ ወደ ተነጣጠሉ ኔትወርኮች መክፈል ይችላል፤ በአርሲ ዩኒቨርሲቲ የሚማር ተማሪ አንዱን አሰላ፣ ሌላውን አዳማ፣ ሦስተኛውን አዲስ አበባ ብሎ ሰይሞ ፓኬቱ የሚስትበትን ቦታ እዚያው ማየት ይችላል። ስህተቱን ደግሞ ደጋግሞ የሚያሳይ አጭር ስክሪፕት ከጻፈ ለከርነሉ ጠባቂዎች ይልከዋል። እነሱም ከተቀበሉት ከከርነሉ ፈተናዎች ጋር ተቀምጦ ወደፊት የሚመጡ ለውጦች ይፈተኑበታል።