የሚለቅ ሠራተኛ ኪሳራ በየትኛው መዝገብ ይጻፋል?

ነጋዴ የዕቃውን ዋጋ፣ የመጋዘኑን ኪራይ፣ የጉምሩኩን ቀረጥና የማጓጓዣውን ሒሳብ እስከ ሳንቲም ድረስ ለይቶ ያውቃል። ዳሩ ግን ሥራውን የለመደ ሻጭ ወይም የዕቃ ቤት ሠራተኛ ትቶት በሄደ ጊዜ የሚደርስበትን ጉዳት የሚያሰፍርበት ዓምድ በሒሳብ መዝገቡ ውስጥ አይገኝም። አዲሱ ሰው የየዕቃውን ቦታና ዋጋ እስኪለይ የሚባክነው ጊዜ፣ በስሕተት የተላከው ጭነት፣ የለመደውን ፊት አጥቶ ወደ ጎረቤት ሱቅ የሚዞረው ደንበኛ፣ ይህ ሁሉ በሌላ ወጪ ውስጥ ተሸሽጎ ያልፋል።

ይህን የተሰወረ ወጪ አስቀድመው ከተረዱት አሠሪዎች አንዱ አሜሪካዊው የአውቶሞቢል ፋብሪካ ባለቤት ሄንሪ ፎርድ ነበር። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1913 ዓ.ም. ወደ 14,000 የሚጠጋ ሠራተኛ በሥራ ላይ ለማቆየት ሲል በዓመቱ ከ50,000 በላይ ሰው መቅጠር ግድ ሆኖበት ነበር። ሠራተኛው አንድ ዓይነት እንቅስቃሴ ቀኑን ሙሉ ሲደጋግም የሚውልበት አዲሱ የመገጣጠሚያ አሠራር ቶሎ ያሰለች ስለ ነበረ፣ የገባው ሁሉ ሳይውል ሳያድር ይወጣ ነበር። ስለዚህ በጥር ወር 1914 የቀን ደመወዙ ከ2.34 ዶላር ወደ 5 ዶላር ከፍ እንዲል፣ የሥራውም ሰዓት ከ9 ወደ 8 ዝቅ እንዲል ተወሰነ። በ1913 በመቶ 370 የነበረው የሠራተኛ መለዋወጥ በ1915 በመቶ 16 ሆኖ ተገኘ። ይሁን እንጂ የጭማሪው ገንዘብ ያለ ቅድመ ሁኔታ የተሰጠ አልነበረም፤ የድርጅቱ ተቆጣጣሪዎች ወደ ሠራተኛው ቤት እየገቡ አኗኗሩንና ቁጠባውን ይመረምሩ ነበር። ይህንኛውን ልማድ ማንም እንዲቀዳው አንመክርም።

በአገራችንም ተመሳሳይ ችግር ታይቷል። የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2008 ዓ.ም. ከተመረቀ በኋላ፣ የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ የንግድ ትምህርት ቤት ተመራማሪዎች በ2011 ዓ.ም. ባወጡት ጽሑፍ የልብስ ሰፊዎቹ መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር ያህል መሆኑን፣ ፋብሪካዎቹም በአማካይ በአንድ ዓመት ጊዜ ውስጥ ሠራተኛቸውን በሙሉ የመተካት ያህል እንደሚቀጥሩ ገልጸዋል። ክሪስቶፈር ብላትማንና ስቴፋን ዴርኮን የተባሉ ሁለት ሊቃውንት ደግሞ በኢትዮጵያ በአምስት ድርጅቶች ሥራ ከጠየቁ ወደ 1,000 ከሚጠጉ ሰዎች መካከል በዕጣ ለይተው የሥራ ዕድል የተሰጣቸውን ተከታትለዋል። ሲሶ የሚያህሉት በመጀመሪያው ወር ለቀቁ፤ ዓመቱ ሳይሞላ የለቀቁት በመቶ 77 ደረሱ። ብዙዎቹ ሥራውን የያዙት የተሻለ እስኪያገኙ ድረስ እንደ መጠለያ ቆጥረውት ነበር።

እርግጥ ነው፣ ሦስት ሠራተኛ ያለው ባለ ሱቅ ደመወዝን በአንድ ቀን እጥፍ ሊያደርግ አይችልም። ነገር ግን ደመወዙ በተባለው ቀን እንዲከፈል ማድረግ ይችላል። የቤት ኪራዩን ቀን እየቆጠረ የሚጠብቅ ሠራተኛ «ነገ ተመለስ» በተባለ ቁጥር ሌላ ሥራ መፈለግ ቢጀምር አያስደንቅም።

ከገንዘቡ በቀር፣ ሠራተኛውን በሥራው እንዲተጋ የሚያደርገው ዕውቀቱ የሚፈለግ መሆኑን ሲያይ ነው። አስመጪው የተሸጠውን ዕቃ ከደረሰኙ ያውቃል፤ ደንበኛ ጠይቆ ያጣውን ዕቃ የሚያውቀው ግን ከባንኮኒው ኋላ የቆመው ሻጭ ብቻ ነው። ለዚህ አንድ ደብተር ተሰጥቶት ማታ ማታ የተጠየቀውን ቢመዘግብ፣ ባለቤቱም አዲስ ዕቃ ከማዘዙ በፊት ደብተሩን ከሻጩ ጋር ተቀምጦ ቢመለከት፣ የደብተሩ ዋጋ ከቁም ነገር የሚገባ ወጪ አይደለም። ደብተሩን አስጽፎ ሳያነቡት መተው ግን ጨርሶ ካለመጀመር የከፋ ነው።

በቡና ላኪዎችም መጋዘን እንዲሁ ነው። የጠቆረውን፣ የተሰበረውንና ተባይ የበሳውን ፍሬ የሚለቅሙት ሴቶች የላኪው ስም በእጃቸው አለ። ለናሙና በተወሰደው ቡና ውስጥ የተገኘው ጉድለት ተቆጥሮ ደረጃው እንደሚወሰን ስንቱ ላኪ አስረድቷቸዋል? የጭነቱ ውጤት በታወቀ ጊዜ፣ ጥሩም ሆነ መጥፎ፣ ለለቃሚዎቹ መነገር ይገባዋል። ክፍያው በለቀሙት ልክ ብቻ ከሆነ ፍጥነትን እንጂ ጥራትን አይገዛም፤ በንጽሕና ለሚለቅሙት የተለየ ጭማሪ ማድረግ ላኪውን አያከስረውም።

አንዳንድ አሠሪዎች የዓመት ዕረፍትን እንደ ችሮታ ይቆጥሩታል። በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ግን ለመጀመሪያው ዓመት አገልግሎት 16 የሥራ ቀን፣ ከዚያም በየሁለት ተጨማሪ ዓመቱ አንድ ቀን የሠራተኛው መብት ነው። ሕጉ የሚያዘውን መስጠት ግዴታን መወጣት ነው፤ ማትጊያ የሚባለው ከዚያ በላይ ያለው ነው።

ይኸው አዋጅ የሙከራ ጊዜን ከ60 የሥራ ቀን እንዳይበልጥ ወስኗል። ከላይ እንደ ተመለከተው ብዙ ሰው የሚለቀው ገና በመጀመሪያው ወር ስለ ሆነ፣ በእነዚህ ቀናት ውስጥ አሠሪው ሠራተኛውን እንደሚፈትን ሁሉ ሠራተኛውም አሠሪውን ይፈትናል። ስለዚህ አዲስ ሰው በተቀጠረ በሁለተኛው ሳምንት ባለቤቱ ራሱ ለብቻው ጠርቶ «ምን አስቸገረህ?» ብሎ ሊጠይቀው ይገባል። የሚሰማው መልስ ምናልባት የተሰበረ መሰላል፣ የመጋዘኑ ጨለማ፣ ወይም ከሁለት አለቆች በአንድ ጊዜ የሚመጣ የተለያየ ትእዛዝ ሊሆን ይችላል፤ እነዚህም በዚያው ቀን የሚስተካከሉ ናቸው።